በእናንተ ስም የሚያወራው ቦት፦ የቴሌግራም ዩዘርቦት እንዴት ይሠራል፣ ቁልፉስ ማን እጅ ነው?

በቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ተደጋግሞ ይለጠፋል። «ተኝታችሁም ለደንበኛ የሚመልስ ቦት አካውንታችሁ ላይ እንጭናለን፤ ስልክ ቁጥርና ኮድ ብቻ ላኩልን» የሚል። ከሥሩ ክርክር ይነሣል። አንዱ «አሪፍ ነው፣ እኔም አስጭኛለሁ» ይላል። ሌላው «እንዳትነኩት፣ አካውንታችሁ ባን ይሆናል» ብሎ ያስጠነቅቃል። ሦስተኛው «እኔ ዓመት ሙሉ ቦት አለኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ብሎ ይመሰክራል። ሦስቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። የሚያወሩት ግን ስለ አንድ ነገር አይደለም።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ሰው በገዛ አካውንቱ ላይ በሚጭነው፣ በተለምዶ «ዩዘርቦት» በሚባለው ፕሮግራም ላይ ነው። ብዙ ሰው ስለ ዩዘርቦት ሲያስብ የሚፈራው መታገድን ነው። መታገድ አለ፤ ወደ እሱ እንመጣለን። የከፋው ጉዳት የሚመጣው ግን በሌላ በር ነው። ያንን በር ለማየት ፕሮግራሙ ሲጫን ምን እንደሚሆን መረዳት ያስፈልጋል።

አንድ ቃል፣ ሦስት ነገር

መደናገሩ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። ሦስት የተለያዩ ነገሮችን «ቦት» ብለን እንጠራለን።

የመጀመሪያው መደበኛው ቦት ነው። የራሱ ስምና የራሱ አካውንት አለው። ቴሌግራም ለዚህ ዓይነት ቦት በሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2015 ነው። ቦት መሥራት የፈለገ ሰው «ቦትፋዘር» የሚባለውን የቴሌግራም ቦት ያናግራል፣ ስም ያወጣል፣ ከዚያ «ቶክን» ይቀበላል። ቶክን ቦቱን ለማዘዝ የሚያገለግል ረጅም ምስጢራዊ ቁልፍ ነው። ዘፈን የሚያወርዱት፣ የፈተና ውጤት የሚያሳዩት፣ ግሩፕ ውስጥ የተለጠፈ ሊንክ የሚያጠፉት ቦቶች እንዲህ የተሠሩ ናቸው።

መደበኛው ቦት ሆን ተብሎ እጁ እንዲያጥር ተደርጓል። ሰውን ቀድሞ ማናገር አይችልም፤ መጀመሪያ ሰውዬው ራሱ «ስታርት» ማለት አለበት። ግሩፕ ውስጥ ሲገባ፣ አድሚን ካልሆነ ወይም ባለቤቱ ቅንብሩን ካልቀየረው በቀር፣ ትእዛዝና ለእሱ የተመለሰ መልስ እንጂ የግሩፑን ወሬ አያይም። ቶክኑ ቢሰረቅ ሌባው ቦቱን ይወስዳል። የባለቤቱ የግል መልእክቶች ግን ከእጁ ውጭ ናቸው።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2024 ኖትኮይንና ሃምስተር ኮምባት በተጧጧፉበት ጊዜ የተለመደው ነው። ስክሪን መታ መታ እያደረጉ ሳንቲም የሚሰበስቡባቸው ጨዋታዎች ነበሩ። ጣት እንዳይደክም በሰው ፋንታ የሚነካ ፕሮግራምም «ቦት» ተባለ። አንዳንዶቹ ስክሪኑን ከመንካት አያልፉም ነበር። አንዳንዶቹ ግን ወደ ጨዋታው ለመግባት የተጠቃሚውን የቴሌግራም አካውንት ይከፍቱ ነበር። በዚያ ሩጫ መሃል ኮዱን ያስገባ ሰው ዛሬ ነገሩን ረስቶት ይሆናል። ፕሮግራሙ ሥራ ላይ ከቆየ የተከፈተው በር እስከ አሁን ክፍት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ዩዘርቦት ነው። ይኼኛው የራሱ ስም የለውም። በእናንተ ስም፣ በእናንተ ፎቶ፣ በእናንተ ስልክ ቁጥር ይናገራል። ማዶ ያለው ሰው ከቦት ጋር እያወራ መሆኑን የሚያውቅበት ምልክት የለም።

ሲጫን ምን ይከሰታል?

የቴሌግራም መተግበሪያ ከሰርቨሩ፣ ማለትም መልእክቶቹ ከሚቀመጡበት የድርጅቱ ኮምፒውተር፣ ጋር የሚነጋገርበት «ኤምቲፕሮቶ» የሚባል ቋንቋ አለ። ቴሌግራም ይህን ቋንቋ ለማንም ፕሮግራም ጸሐፊ ክፍት አድርጎታል። ሐሳቡ ሰዎች የራሳቸውን የቴሌግራም መተግበሪያ እንዲሠሩበት ነው። ዩዘርቦት የሚገባው በዚሁ በር ነው። ለሰርቨሩ እንደ ተጨማሪ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ሆኖ ይቀርባል። ከኋላው ሰው የለም እንጂ ሌላው ሁሉ አንድ ነው።

አጫጫኑ እንዲህ ነው። ባለቤቱ ወደ «ማይ ዶት ቴሌግራም ዶት ኦርግ» ገጽ ገብቶ በስልክ ቁጥሩ ይመዘገባል። እዚያ ሁለት ነገር ይሰጠዋል። አንዱ «ኤፒአይ አይዲ» የሚባል ቁጥር ነው። ሌላው «ኤፒአይ ሃሽ» የሚባል 32 ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ምስጢር ነው። ለአንድ ስልክ ቁጥር አንድ ብቻ ነው የሚሰጠው። እነዚህ ሁለቱ የሚያስተዋውቁት ፕሮግራሙን ነው። ሰውዬውን ለማስገባት ገና ሌላ ደረጃ ይቀራል።

ከዚያ ፕሮግራሙ ይወርዳል። አብዛኞቹ ዩዘርቦቶች የሚጻፉት በፓይተን ቋንቋ ነው። «ቴሌቶን» ወይም «ፓይሮግራም» የሚባሉ የተዘጋጁ የኮድ ስብስቦችንም ይጠቀማሉ። ፕሮግራሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ ጥቁር ስክሪን ላይ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ባለቤቱ በ251 የሚጀምረውን ቁጥሩን ይጽፋል። ወዲያው ስልኩ ላይ ቴሌግራም ራሱ የላከው ባለ አምስት አሃዝ ኮድ ይመጣል። ኮዱን ያስገባል። ሁለተኛ የይለፍ ቃል ካለው እሱንም ይጠየቃል። አለቀ። ስልኩ ላይ ቅንብር ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ቢከፍት አንድ አዲስ መስመር ተጨምሮ ያያል። ፕሮግራሙ ያለበት ሰርቨር ጀርመን ከሆነ መስመሩ ላይ «ጀርመን» የሚል ተጽፎ ይገኛል።

ከዚህ በኋላ ባለቤቱ ቦቱን የሚያዝዘው ከማንኛውም ቻት ውስጥ ነው። ነጥብ አስቀድሞ «ፒንግ» ብሎ ቢጽፍ፣ የጻፈው መልእክት እዚያው ዓይኑ ሥር ይለወጥና ቦቱ በስንት ሚሊሰከንድ እንደመለሰ ያሳያል። «ኤኤፍኬ» ብሎ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ቢያስከትል፣ ለጻፈለት ሰው ሁሉ ቦቱ ይህንኑ ይመልሳል። በ«ፐርጅ» ትእዛዝ በመቶ የሚቆጠር መልእክት በአፍታ ያጠፋል። ቻናል ላይ የተለጠፈን ነገር ወደ ሌላ ቻት ይገለብጣል፣ ቁልፍ ቃል ሲያይ ባለቤቱን ይጠራል፣ በተወሰነ ሰዓት ፖስት ያደርጋል። ብዙ መልእክት ለሚያስተናግድ ሰው ጥቅሙ ግልጽ ነው። መርካቶ ጫማ የሚሸጥ ወጣት በቀን ስንት ጊዜ «ዋጋ?» የሚል መልእክት እንደሚደርሰው፣ ስንት ጊዜ «ዴሊቨሪ አለን» ብሎ እንደሚጽፍ ያየ ሰው ፍላጎቱን አይነቅፍም።

353 ፊደላት

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

ሰው ስልኩ ላይ ቴሌግራምን በከፈተ ቁጥር ኮድ አይጠየቅም። አንዴ ከገባ በኋላ ስልኩ የመግቢያ ፈቃዱን ይዞ ይቆያል። ይህ ፈቃድ «ሴሽን» ይባላል። ዩዘርቦትም እንዲሁ ፈቃዱን ይይዛል። ፕሮግራሙ ከቦታ ቦታ እንዲዛወር ሲባል ደግሞ ፈቃዱ ወደ ረጅም የፊደል ሰንሰለት ይቀየራል። «ስትሪንግ ሴሽን» የሚሉት ይህንን ነው።

በቴሌቶን የተሠራ ስትሪንግ ሴሽን 353 ፊደላት አሉት። መጀመሪያው «1» ነው፤ የአጻጻፉ ስሪት ቁጥር ነው። ከዚያ የቴሌግራም የመረጃ ማዕከል ቁጥር፣ አድራሻውና ፖርቱ (የመግቢያ በሩ ቁጥር) ይከተላሉ። እነዚህ ሦስቱ ተደምረው 7 ባይት ብቻ ናቸው። የቀረው 256 ባይት አካውንቱን የሚከፍተው ቁልፍ ነው። ሲታይ ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ይመስላል። ኮፒ አድርጎ ለሰው መላክ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። የተቀበለው ሰው ግን ስልክ ቁጥር አያስፈልገውም። ኮድ አይጠየቅም። ሁለተኛ የይለፍ ቃልም አይጠየቅም፤ የይለፍ ቃል የሚጠየቀው በር ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ቤት ውስጥ ነው።

ቤቱ ውስጥ ምን አለ? ከ«ሲክሬት ቻት» በቀር ሁሉም። ሲክሬት ቻት በተጀመረበት ስልክ ላይ ብቻ ስለሚቀመጥ ይተርፋል። ሌላው የቴሌግራም መልእክት በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ ፈቃድ ላለው መሣሪያ ሁሉ ይከፈታል። የቤተሰብ ግሩፕ፣ የእድር ግሩፕ፣ የእቁብ ሒሳብ፣ ከውጭ ያለ ወንድም የላከው ድምፅ። «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ ደግሞ ብዙ ሰው የመታወቂያ ፎቶ፣ የፓስፖርት ኮፒ፣ የባንክ ደረሰኝ ያስቀምጣል።

ሌላም የማይታሰብ ነገር አለ። ቴሌግራም የመግቢያ ኮድ የሚልከው ብዙ ጊዜ እዚያው ቴሌግራም ውስጥ ነው። ስለዚህ ስትሪንጉን የያዘ ሰው በሌላ መሣሪያ ላይ በእናንተ ቁጥር ልግባ ቢል፣ የሚመጣውን ኮድ ራሱ አንብቦ ያስገባል። ሁለተኛ የይለፍ ቃል ከሌለ የራሱ የሆነ ሌላ መግቢያ አበጀ ማለት ነው። ሁለተኛ የይለፍ ቃል ካለ እዚህ ላይ ይቆማል። ስትሪንጉ ከወጣም በኋላ የይለፍ ቃሉ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ስትሪንጉ መሰረቁን ማወቅ ከባድ ነው። ሌባው የሚገባው በራሳችሁ ቦት ፈቃድ ስለሆነ «ዲቫይስስ» ላይ አዲስ መስመር አይጨመርም። ቴሌግራም አዲስ የገባ መሣሪያ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ሌሎችን እንዳያስወጣ ይከለክላል። ለተራ ስርቆት ጥሩ መከላከያ ነው፤ ባለቤቱ ቀድሞ የማስወጣት ዕድል ያገኛል። ወር የሞላው የቦት ፈቃድ ግን ይህን ገደብ ካለፈ ቆይቷል። አንድ ግልጽ ምልክት ግን አለ። አንድ ቁልፍ በአንድ ጊዜ ከሁለት አድራሻ ጥቅም ላይ ሲውል ቴሌግራም ቁልፉን ይሰርዘዋል። ቦታችሁ ድንገት ቆሞ ቁልፉ ከሁለት ቦታ መነካቱን የሚናገር የስህተት መልእክት ካሳየ፣ እናንተም ሁለት ቦታ ካላስነሣችሁት፣ ሌላ ሰው እጅ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ስትሪንጉ በምን ይወጣል?

በብዛት በራስ እጅ። «ስትሪንግ እናወጣላችኋለን» የሚሉ ቦቶችና ገጾች አሉ። ስልክ ቁጥር ይቀበላሉ፣ ከዚያ የመጣውን ኮድ ይጠይቃሉ። አንዳንዶቹ ኮዱን በቁጥሮቹ መካከል ክፍተት እየተዋችሁ ላኩ ይላሉ። ምክንያት አለው። ቴሌግራም የመግቢያ ኮድ በቻት ለሌላ ሰው ሲላክ ካየ ኮዱን ዋጋ ያሳጣዋል። ክፍተቱ ያንን ጥበቃ ለማለፍ ነው። ከእነዚህ ገጾች አንዳንዶቹን ቅን ሰዎች ሠርተዋቸው ይሆናል። ቢሆንም ኮዱን ጠያቂ ሁሉ፣ ቅንም ይሁን አይሁን፣ በዚያች ደቂቃ የአካውንቱ ሙሉ ባለቤት ነው። ያወጣውን ስትሪንግ ለራሱ አስቀርቶ እንደሆነ የምታረጋግጡበት መንገድ የለም።

ሌላው መንገድ ፕሮግራም ጸሐፊዎች የጻፉትን ኮድ የሚያስቀምጡበት ጊትሃብ የሚባለው ድረ ገጽ ነው። ጀማሪዎች የቦቱን ኮድ ለሕዝብ ክፍት አድርገው ሲሰቅሉ ስትሪንጉን አብረው ይሰቅሉታል። ከዚያ ደግሞ «ፕለጊን» አለ። ፕለጊን ለቦቱ አዲስ ችሎታ የሚጨምር ትንሽ የኮድ ፋይል ነው። ብዙ ዩዘርቦቶች ግሩፕ ውስጥ የተለጠፈን ፋይል በአንድ ትእዛዝ ይጭናሉ። ያ ፋይል ቦቱ ማድረግ የሚችለውን ሁሉ ማድረግ ይችላል፤ ስትሪንጉን አንብቦ ለጸሐፊው መላክንም ጨምሮ።

«ኮዱ ክፍት ስለሆነ አያሰጋም» የሚለው ክርክር የሚመጣው እዚህ ነው። ክፍት ኮድ ትልቅ ነገር ነው። አንብቦ የሚረዳ ሰው ሲያነበው ግን ነው የሚጠቅመው። የጫነው ሰው ካላነበበው፣ ወይም የጫነው ከዋናው ሳይሆን ሌላ ሰው ቀድቶ ከቀየረው ቅጂ ከሆነ፣ ክፍትነቱ ለእሱ ምንም አላደረገለትም።

ቦቱ የት ያድራል?

ዩዘርቦት የሚጠቅመው ሃያ አራት ሰዓት ሲሠራ ነው። ይህ ደግሞ ማደሪያ ይፈልጋል።

ለዓመታት የብዙዎቹ ማደሪያ «ሄሮኩ» የሚባለው የደመና አገልግሎት ነበር። ደመና ማለት በኢንተርኔት የሚከራዩት የሌላ ሰው ኮምፒውተር ነው። ሄሮኩ ነጻ ደረጃ ነበረው። አንድ ቁልፍ ተጭኖ፣ ስትሪንጉን ባዶ ሳጥን ውስጥ ለጥፎ፣ ቦት ማስነሣት ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 መጨረሻ ነጻ ደረጃው ተቋረጠ። ብዙ የአጫጫን መመሪያ ዛሬም ስለ ሄሮኩ ያወራል፤ ሰው ተከትሎት ይሄድና መሃል ላይ ካርድ ሲጠየቅ ይቆማል።

ትንሽ ሰርቨር ውጭ አገር በወር በጥቂት ዶላር ይገኛል። ለኢትዮጵያ ተጠቃሚ ችግሩ ዋጋው ብቻ አይደለም፣ መክፈያውም ጭምር ነው። የብር ካርድ እዚያ አይሠራም። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 መጨረሻ ወዲህ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ያው ዶላር በብር ሲመነዘር ከበፊቱ ብዙ ይከብዳል። «እኔ ሰርቨር አለኝ፣ ስትሪንግህን ላክልኝና አስነሣልሃለሁ» የሚል ሰው ገበያ የሚያገኘው በዚህ ክፍተት ነው። መቶ ሰው ስትሪንጉን የላከለት ባለ ሰርቨር፣ ሐቀኛ ሰው ቢሆን እንኳ፣ መቶ አካውንት የሚከፈትበት አንድ ሳጥን ይዟል። እሱ ከተጠለፈ መቶዎቹም አብረው ይሄዳሉ።

ሌላው አማራጭ አሮጌ አንድሮይድ ስልክ ነው። «ቴርመክስ» የሚባል መተግበሪያ ስልኩን ወደ ትንሽ ኮምፒውተር ይለውጠዋል። ፓይተን ይጫንበታል፣ ቦቱ እዚያ ይነሣል። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩ ይሄዳል፣ ዳታ ሲያልቅ ቦቱ ዝም ይላል፣ አንድሮይድ ራሱም ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ከኋላ ያለውን ፕሮግራም ይገድላል። ሆኖም ስትሪንጉ ከቤት አይወጣም። ለደኅንነት ሲታይ፣ መቆራረጡን ችሎ አሮጌ ስልክ ላይ ማስነሣት ለማያውቁት ሰው ከማስረከብ እጅግ ይሻላል። ይህን ያለ ማመንታት መናገር ይቻላል።

የውጭ ሰርቨር የተለየ ባሕርይም አለው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ቴሌግራም ኢትዮጵያ ውስጥ ተገድቦ ለወራት ሰው በቪፒኤን ሲጠቀም ነበር። ውጭ አገር ያደረ ቦት እንዲህ ያለ ገደብ አይነካውም። ባለቤቱ ራሱ ቴሌግራም መክፈት ባልቻለበት ሰዓት ቦቱ በስሙ ሲመልስ ይውላል።

አካውንት ለምን ይታገዳል?

ቴሌግራም ዩዘርቦትን ጨርሶ አይከለክልም። የፕሮግራም ጸሐፊዎች ሕጉ እንደሚለው፣ ይፋ ባልሆነ ፕሮግራም የሚገባ አካውንት ሁሉ በራሱ ጊዜ ክትትል ውስጥ ይገባል። ስፓም (ሰው ያልጠየቀው የጅምላ መልእክት) ለመላክ፣ መልእክት ለማጥለቅለቅ፣ የቻናል ተከታይና ዕይታ በሐሰት ለማብዛት የተጠቀመበት ደግሞ ለዘለቄታው ይታገዳል። «ዓመት ሙሉ ምንም አልሆንኩም» የሚለውና «በማግስቱ ታገድኩ» የሚለው ሁለቱም ሊታመኑ የሚችሉት ለዚህ ነው። አንዱ «ስብሰባ ላይ ነኝ» የሚል ቦት ነው ያለው። ሌላው ከሰው ግሩፕ አባላትን እየለቀመ ወደ ራሱ ግሩፕ ሲያስገባ ነበር።

መሃል ላይ የማስጠንቀቂያ ደረጃ አለ። ቦቱ ከልክ በላይ ሲፈጥን ሰርቨሩ «ፍለድ ዌይት» የሚል ምላሽና አንድ ቁጥር ይልካል። ቁጥሩ ስንት ሰከንድ መጠበቅ እንዳለበት ይናገራል። 30 ሊሆን ይችላል፤ ሰዓታት የሚያስጠብቅም ሊሆን ይችላል። ጥሩ ቦት ቁጥሩን አንብቦ ይቆማል። በችኮላ የተጻፈ ቦት ደግሞ እንደገና ያንኳኳል። ከማያውቋቸው ሰዎች «ስፓም» ተብሎ የተጠቆመበት አካውንትም ለጊዜው ሊታሰር ይችላል። ያኔ ኮንታክቱ ላልሆነ ሰው መጻፍ አይችልም። ሁኔታውን «ስፓምቦት» የሚባለው የቴሌግራም ቦት ይነግረዋል።

ለባለ ሱቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የታገደው ቦቱ ሳይሆን ስልክ ቁጥሩ ነው። ደንበኛ የሚያውቀው በዚያ ቁጥር ነው፣ ቻናሉ የተከፈተው በዚያ ቁጥር ነው።

«አካውንቱ የራሴ አይደለም ወይ?»

ዩዘርቦት የሚወዱ ሰዎች ክርክር ክብደት አለው። ቁጥሩ የኔ ነው፣ መልእክቱ የመጣው ለኔ ነው፣ በጣቴ ብመልስ በፕሮግራም ብመልስ ማንን ይጎዳል ይላሉ። ቴሌግራም ራሱ ቋንቋውን ክፍት ማድረጉ ለዚህ አቋም ድጋፍ ነው። ከዋትስአፕ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይታያል፤ እዚያ ይፋ ባልሆነ ፕሮግራም መግባት ራሱ የአጠቃቀም ደንብ መጣስ ነው።

የሌላው ወገን ጥያቄም መልስ ይፈልጋል። አካውንቱ የአንድ ሰው ነው፤ ውስጡ ያለው ወሬ ግን የብዙ ሰው ነው። የእድሩ ጸሐፊ የላከው የአባላት ዝርዝር ለቦቱ ሰርቨር አልተላከም። አንድ አባል ስትሪንጉን ለማያውቀው ሰው ሲሰጥ የሌሎቹን ፈቃድ አልጠየቀም። ኢትዮጵያ ያወጣችው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለሰው መረጃ አያያዝ የባለ መረጃውን ፈቃድ ትልቅ ቦታ ይሰጠዋል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ያለ ፈቃድ ወደ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል አድርጎታል። በሰው ስትሪንግ አካውንት የከፈተ ሰው «ራሱ ነው የሰጠኝ፣ ለቦቱ ብሎ» ብሎ ሊያመልጥ ይሞክር ይሆናል። ለቦት ማስነሻ የተሰጠ ፈቃድ መልእክት ለማንበብ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም።

በእኔ እይታ ሁለቱ ወገኖች የሚታረቁበት ቦታ አለ። ሰው በራሱ መሣሪያ ላይ፣ በራሱ እጅ፣ ራሱ ባነበበው ኮድ የሚያስነሣው ዩዘርቦት የራሱ ጉዳይ ነው። ቁልፉ ከእጁ በወጣበት ቅጽበት ጉዳዩ የግሩፑ ሁሉ ይሆናል።

ያለ ዩዘርቦት የሚሆነው ምን ያህል ነው?

ብዙው። ሰዎች ዩዘርቦት የሚፈልጉባቸውን ምክንያቶች አንድ በአንድ ብናያቸው አብዛኞቹ ሌላ መንገድ አላቸው። ቻናል ላይ በሰዓቱ ፖስት ማድረግ ቴሌግራም ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ የመላኪያ ቁልፉን ጫን አድርጎ መያዝ ይበቃል። ግሩፕ መጠበቅ፣ አዲስ አባል መቀበል፣ ሊንክ ማጥፋት የመደበኛ ቦት ሥራ ነው። ዋጋ ለሚጠይቅ ደንበኛ መመለስም በመደበኛ ቦት ይሆናል፤ የቻናሉ መግለጫ ላይ የራስን ስም ከማስቀመጥ የቦቱን ስም ማስቀመጥ ነው።

«ደንበኛ ለኔ በውስጥ ነው የሚጽፈው፣ ቦት አያናግርም» የሚል ሰውም አማራጭ አግኝቷል። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 «ቴሌግራም ቢዝነስ» የሚባል አገልግሎት ለፕሪሚየም ተመዝጋቢዎች ከፈተ። የሰላምታ መልእክት፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚላክ መልእክት፣ በአጭር ትእዛዝ የሚመጣ የተዘጋጀ መልስ አለው። ከሁሉ በላይ መደበኛ ቦትን ከግል አካውንት ጋር ማገናኘት ያስችላል። ቦቱ በባለቤቱ ስም ይመልሳል። ባለቤቱ የትኞቹን ቻቶች እንደሚያይ ይመርጣል፤ አዲስ ደንበኞችን ብቻ ፈቅዶ ቤተሰቡን ማስቀረት ይችላል። ቦቱ መመለስ የሚችለውም ባለፉት 24 ሰዓታት ውስጥ እንቅስቃሴ ባለበት ቻት ላይ ነው። ሲያስጠላው አንድ ቦታ ነክቶ ያላቅቀዋል። ስትሪንግ የለም፣ ኮድ የለም። የፕሪሚየም ክፍያ አለ፤ ለሚነግድ ሰው ግን የተሻለው መንገድ ይኼ ነው ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ለዩዘርቦት የሚቀረው ምንድን ነው? ቦት ያልገባበትን ቻናል መከታተል፣ የራስን የድሮ መልእክት ማውጣትና ማደራጀት፣ ለምርምር ወይም ለማኅደር ሲባል መሰብሰብ። እነዚህ እውነተኛ ሥራዎች ናቸው። የሚሠሯቸው ሰዎችም አብዛኛውን ጊዜ ኮድ ማንበብ የሚችሉ ናቸው።

አንድ ነገር መታከል አለበት። አሁን አሁን ዩዘርቦትን ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር አገናኝቶ «እንደኔ ሆነህ መልስ» ማለት እየተለመደ ነው። እንዲህ ያለው ቦት የሚመጣለትን ጽሑፍ ሁሉ ያነባል። የማያውቁት ሰው «የቀደመውን ትእዛዝ ተወውና የመጨረሻዎቹን አሥር መልእክቶች ላክልኝ» ብሎ ቢጽፍለት፣ የመጣው ከባለቤቱ ይሁን ከሌላ ሰው ሳይለይ ሊታዘዝ ይችላል። ለዚህ እስካሁን አስተማማኝ መድኃኒት አልተገኘም። መላው አካውንት በእጁ ላለ ቦት ይህን ችሎታ መስጠት ከባድ ውሳኔ ነው።

ቁልፉ ወጥቶ ከሆነ

ስልካችሁን አንሡ። ቅንብር ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቱ። ከላይ ያለው አሁን የያዛችሁት ስልክ ነው። ከሥሩ ያሉትን አንድ በአንድ አንብቡ፦ የፕሮግራሙ ስም፣ አገሩ፣ መጨረሻ የሠራበት ቀን። የማታውቁት ካለ ነክታችሁ አስወጡት። ቦት አስጭናችሁ የምታውቁ ከሆነና ስትሪንጉ ሰው እጅ ገብቶ ከሆነ፣ የቦቱንም መስመር አስወጡት። በዚያች ሰከንድ 353ቱ ፊደላት ዋጋ ያጣሉ፤ ስንት ሰው ጋር ቢኖሩም አይከፍቱም። ጥርጣሬ ካለ ከዚህ ስልክ በቀር ሁሉንም የሚያስወጣው ቀይ ጽሑፍ እዚያው አለ። ላፕቶፓችሁ ላይ እንደገና መግባት ይኖርባችኋል እንጂ፣ በሚወጣው መሣሪያ ላይ ካለ ሲክሬት ቻት በቀር የሚጠፋ መልእክት የለም።

ከዚያ እዚያው ገጽ ግርጌ ላይ ያልተነካ መሣሪያ ከስንት ጊዜ በኋላ በራሱ ይውጣ የሚል ምርጫ አለ። ከስድስት ወር ወደ አንድ ወር ወይም ወደ አንድ ሳምንት አውርዱት። ማንም የማይነካቸው የተረሱ በሮች እንዲህ ቶሎ ይዘጋሉ፤ በ2024ቱ የሳንቲም ሩጫ ተከፍተው ፕሮግራማቸው ገና የሚሠራ ከሆነ ግን ከዝርዝሩ ላይ በእጅ ማስወጣት ያስፈልጋል። ቀጥሎ ሁለተኛውን የይለፍ ቃል አብሩ፤ የይለፍ ቃሉ ቢረሳ መመለሻ የሚሆን ኢሜይልም አስገቡበት። ቦቱን ሌላ ሰው ከጫነላችሁና የይለፍ ቃሉን ያን ጊዜ ነግራችሁት ከሆነ ቀይሩት። በመጨረሻ «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ ገብታችሁ የመታወቂያና የፓስፖርት ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ቦታ አውጥታችሁ ከዚያ ሰርዟቸው።